ሙሽሮች የሚያለብሱት ጉብታ

ከአጓት በር መንደር በስተምሥራቅ፣ የአጓት ወንዝ ከገደሉ ወጥቶ ሜዳውን በሚይዝበት ቦታ፣ ዛፍ የሌለበት፣ ከላይ እስከ ታች ሰርዶ የለበሰ አንድ ክብ ጉብታ አለ። መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው ከሌላው ኮረብታ አይለየውም፤ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ከሣሩ ሥር ያለው አፈር አንድ ዓይነት አይደለም፤ እዚህ ቀይ ነው፣ እዚያ ዋልካ፣ ወዲያ ደግሞ አሸዋማ፣ ከልዩ ልዩ ጨርቅ እንደተጣፈ ድሪቶ። የአገሩ ሰው የሙሽሮች ጉብታ ይለዋል።

በዚህ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ በጉብታው ሥር ዝም ብላ አታልፍም። ድሮ ከበቅሎ፣ ዛሬ ከሚኒባስ ትወርዳለች። ከአባቷ ደጅ የተዛቀ አንድ እንቅብ አፈር ይዛ ትወጣለች፤ አፈሩን ከመድፋቷ በፊት የአባቷን ሥራ ሳታሳምር፣ ሳትደብቅ፣ ከሥር የቆመው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ትናገራለች። ከደፋች በኋላ ከሙሽራው ወላጆች አንዱ መዳፉን አፈሩ ላይ አኑሮ «በርዷል» ይላል። ይህ ቃል ሳይሰማ እልልታ አይነሣም፤ ሙሽራዋም ተመልሳ አትሳፈርም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ወደ ጉብታው ይመለከታሉ፣ ከዚያ አንድ ስም ይጠራሉ። መዲና አራጌ ይላሉ።

እንደሚነገረው ያ ጉብታ ድሮ አልነበረም፤ ሰው የከመረው ነው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ስሙን ዛሬ የሚያስታውስ የሌለ አንድ ድርጅት መጥቶ ከገደሉ ሥር የድንጋይ ከሰል ማውጣት ጀመረ። ጥሩው ከሰል በመኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ የማይፈለገው ድንጋይ፣ ጭቃውና የደቀቀው ከሰል ግን በጋሪ እየተገፋ ወጥቶ እዚያው ሜዳ ላይ ይደፋል። ሰዉ ይህን ጥራጊ ይለው ነበር። ጥራጊው መጀመሪያ የጎጆ ያህል ነበር፣ ኋላ የመስጊድ ያህል ሆነ፣ ኋላም ጠዋት ጠዋት ጥላው መንደሩ ድረስ መድረስ ጀመረ። የከሰሉ ሥር ሲሳሳ ድርጅቱ ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ ጋሪውን ጭኖ ሄደ። ጥራጊውን የሚጭነው አልነበረም።

አጓት ወንዝ ስሙን ያገኘው በመስከረም ውሃው እንደ አጓት ነጣ ስለሚል ነው ይባላል። ድርጅቱ በሄደ በመጀመሪያው ክረምት ግን ዝናቡ ጥራጊውን እያጠበ ወርዶ ውሃው ዝገት መሰለ። ከብቶቹ አሽትተው ይመለሱ ጀመር። ቀጥሎ በመጣው በጋ ደግሞ ማንም እሳት ሳይለኩስበት ጥራጊው ራሱ ከውስጥ ማጤስ ጀመረ፤ ጭሱ እንደ ክብሪት ይሸታል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። እቴ ትሁን የምትባል፣ ጓሮዋ ከጥራጊው ሥር የነበረ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ «ድርጅቱ ሲሄድ ምድጃውን ማጥፋት ረሳ» አለች፤ ሰዉም የዚያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

መዲና በዚያ ዘመን የመንደሩ አስተማሪ ነበረች። ደሴ ተምራ፣ መንግሥት መድቧት የመጣች፣ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ እንደነበረች ያወራሉ። ልጆች ፊት ስትቆም ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ትልቅ ሰው ሲያናግራት ግን የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። በመጣች ሰሞን እቴ ትሁን መንገድ ላይ ይዛ ትመረምራት ጀመር።

«አባትሽ ምን ሥራ ናቸው?»

«ነጋዴ ነው።»

«ምን ይነግዳሉ?»

መዲና ነጠላዋን ጠቀለለች። እቴ ትሁን ደግሞ መልስ እስኪመጣ የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም።

«የደሴ ነጋዴማ ጨርቅ ነው፤ ሌላ ምን ይነግዳል» አለችና ሄደች።

መዲና አልተቃወመችም። በማግስቱ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ሆኑ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሱቃቸው ባለ ሁለት በር ሆነ፤ የመስኖ እህል በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከአስመራ ዕቃ የሚያስመጡ ከበርቴ ሆኑ። እሷ በዚህ ላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም ይላሉ። አንዲት ቃልም አልቀነሰችም።

አባቷ አባ አራጌ ከደሴ ወዲያ፣ ወደ ቆላው በሚያዘቀዝቀው አፋፍ ላይ የሚኖሩ ከሰል አክሳይ ነበሩ። የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም፤ ከባለ መሬት ግራር እየገዙ ያከስላሉ፣ በአህያ ጭነው ከተማ ይሸጣሉ፤ መዲናንም ያስተማሯት በዚሁ ነው። በዚያ አገር ከሰል አክሳይ ማለት ሥር የሌለው፣ ከሰው መሬት ወደ ሰው መሬት የሚዞር ማለት ነበር። ሰው ቤት ቢገባ መደብ ላይ ቁርበት አይነጠፍለትም፤ ልጁን የሚጠይቅም ቢኖር ሌላ ከሰል አክሳይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ አባ አራጌ ልጃቸውን ሊያዩ ይመጡ ነበር። እስከ መንደሩ ግን አይዘልቁም፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከመሻገሪያው ዳር ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ እሷም ልብስ ልታጥብ የወጣች መስላ ትወርዳለች። አንድ ጊዜ፣ «ግባ እንጂ አባ፤ ቤቴን እየው» አለቻቸው ይባላል።

«ተይው ልጄ። አህዮቹ የሰው ማሳ ይገቡብኛል።»

አህዮቹ ታስረው ነበር። መዲና አየቻቸው፤ አባቷም እንዳየች አዩ።

በዚህ መካከል እብሬ የሚባለው ወጣት የትምህርት ቤቱን አጥር ሊያጥር መጥቶ አጥሩ ካለቀ በኋላም ሰበብ እየፈለገ ይመላለስ ጀመር። እብሬ የይማም ሙሔ ልጅ ነው። ይማም በአጓት በር ቃላቸው የሚሰማ፣ ሰፊ መሬት ያላቸው፣ ዘራቸውን ሰባት ቤት ቆጥረው የማይደክሙ ሰው ነበሩ። አስተማሪዋን ወደዷት፤ የከበርቴ ልጅ መሆኗም አላስከፋቸውም። አዝመራው ሲገባ ሽማግሌ ደሴ ወርዶ አባቷን እንዲጠይቅ ተቆረጠ። መዲና ይህን በሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም ይላሉ፤ ሰው ሙሽራ ሆና ነው ብሎ አለፈው።

የጥራጊው ጭስ እየወፈረ ሲሄድ ሰዉ ወደ ይማም ሄደ። ይማም ከሌላው ሁሉ በላይ የሚታወቁት ከብት በማዳን ነበር። እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ የተነፋ ላም ሲያመጡላቸው፣ ግራ ጎኗን በጣታቸው ለክተው በወስፌ ይበሷታል፤ አየሩ ፊሽ ብሎ ይወጣል፣ ላሚቱም ትነሣለች። እሳቸው ጥራጊውን ዙሪያውን ዞሩት፣ የውስጡን ጉርምርምታ ሰሙ፣ ከዚያ፣ «ሆዱ ተነፍቷል። ይተንፍስ» አሉ።

ወንዶቹ ወጥተው ጥራጊውን በዶማና በብረት ዘንግ ይበሱት ጀመር። ጭሱ ከየቀዳዳው እየተግተለተለ ወጣ፤ ለጊዜው ጉርምርምታው ረገበና ሁሉም እፎይ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ቀዳዳዎቹ ጠርዛቸው ቀልቶ ታየ፣ ጭሱም ነፋሱን ተከትሎ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ በሳል ይቋረጣሉ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ የእቴ ትሁን የልጅ ልጅ የሆነች ትንሽ ልጅ፣ አንድ ጠዋት ስታስል ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ መዲና አቅፋ ይዛት ቆየች።

መዲና ምን እየሆነ እንዳለ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ልጅ ሳለች አባቷ እንጨቱን ጉድጓድ ውስጥ ደርድረው፣ ቅጠል አልብሰው፣ አፈር መልሰውበት ሲለኩሱት፣ እሷ ቀንና ሌሊት ዙሪያውን እየዞረች ጭስ የሚያፈስበትን ትፈልግ ነበር። «ዳብሺው» ይሏታል አባቷ፤ «በእጅሽ ዳብሺው። የሚፋጅ ቦታ ካገኘሽ ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ቶሎ ካልደፈንሽው ሁሉም ነዶ አመድ ይሆንብናል።» ይማም ሙሔ ለጥራጊው የሰጡት መድኃኒት፣ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹት የኖሩት ነገር ነበር። ይህን ተናግራ ግን ከየት አወቅሽው ብትባል የምትመልሰው አልነበራትም።

ስለዚህ ለማንም ሳትናገር መድፈን ጀመረች። ማክሰኞ ማክሰኞ መንደሩ ሁሉ ገበያ ይወርዳል፤ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር ይሄዳሉ። መዲና በዚያን ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኩይሳ አፈር እየናደች፣ በውሃ እያራሰች፣ በእንቅብ ተሸክማ ጥራጊው ላይ ትወጣ ጀመር። የኩይሳ አፈር ጠበቅ ያለ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ገል ይሆናል። በትምህርት ቤቱ በኩል ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፈነች፣ በእግሯ ረገጠች፣ በመዳፏ ዳበሰች። ሰዉ ከገበያ ሲመለስ እሷ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ደጇ ላይ ደብተር ታርማለች።

በዚያ ወገን ያለው ጭስ ተወ። ልጆቹ መሳላቸውን አቆሙ። ሰዉ ወጥቶ ቢያይ ቀዳዳዎቹ የሉም፤ «ቁስሉ ገጠመ» ተባለ። ይማም ተመሰገኑ፣ ዱዓ ተደረገ፣ በግ ታረደ። መዲናም ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ በላች። እዚህ ላይ የሚተርኩት ሽማግሌዎች ይለያያሉ፤ ምግቡ አልወረደላትም የሚሉ አሉ፣ ወርዶላታል፤ ደስ ብሏት ነበር የሚሉም አሉ።

ክፉው ነገር ከዚህ ደስታ መጣ። ይማም ከላይ የበሱት ከላይ ከዳነ፣ ሥሩ ቢከፈት ከነጭራሹ ይድናል ብለው አሰቡ። የኅዳር ነፋስ በተነሣበት ሰሞን፣ ሽማግሌዎቹ ደሴ ሊወርዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የመንደሩን ወንድ ሁሉ ዶማ አስይዘው ከጥራጊው ግርጌ፣ ከእቴ ትሁን ጓሮ በላይ ሰበሰቡት። ሴቶቹም እንስራ ይዘው ዳር ዳሩን ቆሙ።

«ዛሬ ጎኑን እስከ ውስጥ እንቀደዋለን» አሉ ይማም።

«ቀደን ስናበቃስ?» አለ አንዱ።

«ላምህን በስተህ ስታበቃ ምን ታደርጋለህ? ቆመህ ታያታለህ፤ ትነሣለች።»

«ይሄ ከተነሣማ የምንተኛው እኛ ነን» አለች እቴ ትሁን፤ ሳቅ ሆነ።

መዲና ልጆቹን ትታ እየሮጠች መጣች። ነፋሱ ፊት ለፊት ወደ ጥራጊው እንደሚነፍስ፣ የሚከፈተውም ነፋሱ በሚገባበት በኩል እንደሆነ አየች። በዚያ በኩል አፍ ካገኘ ውስጡ ሁሉ እንደሚቀጣጠል፣ ከላይ ያለው ክምር ባዶ ሆኖ እንደሚናድ፣ የሚናደውም በጓሮዎቹና በሰዎቹ ላይ እንደሆነ አባቷ ሳይነግሯት የምታውቀው ነገር ነበር።

«አባባ ይማም፣ አይክፈቱት» አለች። የሰማት አልነበረም። እብሬ ብቻ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ «ቆዩ፤ አስተማሪዋ የምትለው አላት» አለ።

ሁሉም ዞሮ አያት። መዲና ነጠላዋን ጠቀለለች።

«እሳት አየር ካላገኘ አይነድም። መጽሐፍ ላይ...»

«ልጄ» አሉ ይማም በለዘበ ድምፅ፣ «መጽሐፉን የጻፈው ሰው ይህን ጥራጊ አይቶታል?»

«አላየውም።»

«እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። አብሽሪ፤ ልጆችሽ ጋ ተመለሺ።»

ዶማውን አነሡ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ መዲና የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች የሚባለው።

«አባቴ ከሰል አክሳይ ነው» አለች።

በነፋሱ ምክንያት ደህና አልተሰማም። ግማሹ «ምን አለች?» ተባባለ። እሷም ደገመችው፤ በዚህ ጊዜ ልጆቿን በምታስተምርበት ድምፅ ነበር።

«አባቴ አራጌ ከሰል አክሳይ ነው። እኔም ያደግሁት ከከሰል ጉድጓድ ዳር ነው። ይህ ነገር ምን እንደሆነ የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።»

«እንዴ፣ ነጋዴ ነው አላልሽኝም?» አለች እቴ ትሁን።

«ከሰል ነው የሚነግደው፣ እቴ። ጨርቅ ያልሽው አንቺ ነሽ። ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ፣ «የይማም ቤት እንግዲህ ማገዶ አይቸግረውም» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ይማም አልሳቁም፤ ዶማቸውን እንደያዙ ነበሩ። እብሬ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

መዲና ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ መመለስ አልቻለችም። «በትምህርት ቤቱ በኩል ያለው ቁስል አልገጠመም» አለች። «በኩይሳ አፈር የደፈንኩት እኔ ነኝ። እናንተ ገበያ ስትሄዱ ነው። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ዛሬ እዚህ አትቆሙም ነበር።»

ከዚያ ወደ ይማም ሄደች። በአደባባይ ለትልቅ ሰው ይህን ያህል መቅረብ ያገሩ ወግ አልነበረም። «እጅዎን ያውሱኝ» አለቻቸው። ሰዉ እያየ ሽማግሌውን ወደ ላይ ይዛቸው ወጣች፣ ከደፈነቻቸው ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ መዳፋቸውን አኖረች።

«በርዷል» አሉ ይማም፤ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ጥቂት ፈንጠር ብሎ ወዳለው፣ ገና ወደተከፈተው ቀዳዳ ወሰደቻቸው። መዳፋቸው ሳይደርስ መልሰው ሳቡት። እዚያው ቆመው መዳፋቸውን አዩ። ከሥር ያሉት የሚሉትን ሊሰሙ ይጠባበቃሉ፤ ይማም ያጡት ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ነበርና፣ የከብት ሐኪምነታቸው ስምና የከበርቴ ዝምድና፣ የትኛው ይበልጥ እንደከበዳቸው ማንም አላወቀም። በመጨረሻ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ዶማችሁን ይዛችሁ ወደ ኩይሳው ሂዱ» አሉ። ለመዲና ደግሞ ቀስ ብለው፣ «ስለ ሌላው ነገር አፌን አልከፍትም» አሏት። ሽማግሌዎቹ ደሴ ሳይሄዱ ቀሩ።

ያ በጋ ሙሉውን አፈር ሲጋዝ አለፈ። ከየማሳው የሚነሣ ትርፍ አፈር፣ ከየጓሮው የሚዛቅ ዋልካ፣ በእንቅብ፣ በቁርበት፣ በአህያ እየተጫነ ወጣ። መዲና እየዞረች በመዳፏ ትዳብሳለች፣ «እዚህ ይጨመር» ትላለች። በአናቱ ዙሪያ ዝናቡን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ተቆፈረ፤ ጎኑ በእርከን ተከረከመ፤ ላዩ ላይ ሰርዶ ተተከለ። ዛፍ እንዳይተከል ያለችው እሷ ነች ይባላል፤ ሥሩ ወርዶ ለእሳቱ መንገድ ይከፍትለታልና። እስከ ዛሬ ችግኝ ተካዮች ሲመጡ ሽማግሌዎቹ ሌላ ቦታ ያሳዩአቸዋል።

እብሬ ከሁሉ ይበልጥ አፈር ይሸከም ነበር፤ እሷን ግን አያናግራትም። አንድ ቀን ከኩይሳው ሥር ለብቻቸው ሆኑ።

«ለእኔ እንኳን አልነገርሽኝም?» አላት፣ አካፋውን ሳይተው።

«ለአንተማ ይበልጥ ፈራሁ።»

«አባትሽ እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

«እስከ መሻገሪያው።»

እብሬ ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። እንቅቧን ሞልቶ አሸከማትና የራሱን ይዞ ከኋላዋ ወጣ።

ክረምቱ ገባ። አፈሩ ይዞ ይሆን፣ ወይስ ታጥቦ ይወርድ ይሆን፣ ሁሉም የሚጠባበቀው ይህን ነበር። ነሐሴ ላይ ዝናቡ በርትቶ በጣለበት አንድ ረፋድ፣ በጉብታው ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ ስንጥቅ ተከፈተና ጭስ ወጣ። መዲና አፈር ተሸክማ ከትምህርት ቤቱ በኩል ስትወጣ፣ ይማም ደግሞ ከመንደሩ በኩል አፈር ተሸክመው ሲወጡ ስንጥቁ ላይ ተገናኙ። ሌላ ሰው ገና አልደረሰም። ሽማግሌው ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ውሃ ከጥምጥማቸው እየወረደ፣ «አባትሽ እንዲህ ሲሆንበት ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቋት።

መዲና አሰበች። «ብቻውን ከሆነ ያለቅሳል» አለች። «ሰው ካለው ይደፍናል።»

ይማም አፈራቸውን ደፉ። እሷም ደፋች። ሁለቱም ጎን ለጎን ተንበርክከው እየረገጡና እየዳበሱ ጭሱ እስኪጠፋ ቆዩ። ሲነሡ እሳቸው፣ «መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ እልካለሁ» አሉ። «ደሴ ግን አይደለም የምልከው። ቦታውን ንገሪኝ።»

በመስከረም የአጓት ውሃ እንደ ድሮው ነጣ ብሎ ወረደ። ሽማግሌዎቹም ወደ ቆላው አፋፍ ሄዱ፤ ይማም ራሳቸው አብረው ሄደው ነበር የሚሉ ይበዛሉ። አባ አራጌ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ወደ ጉድጓዳቸው ሲመጡ አይተው ስለ ግራሩ ሊከሷቸው የመጡ መስሏቸው ተነሡ።

«ዛፉን ገዝቼ ነው። ባለ መሬቱን ጠይቁ» አሉ።

«ስለ ዛፉ አይደለም» አሉ ይማም። «ልጅዎን ፈልገን ነው።»

አባ አራጌ ተቀመጡ። የሚያነጥፉት ቁርበት ፈለጉ፤ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሳይነጠፍላቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

የሠርጉ ቀን በደረሰ ጊዜ፣ አባ አራጌ ለልጃቸው የሚሰጡት ከብት አልነበራቸውም፤ የአባት ማሳ የሚባል ነገርም አልነበራቸውም። ከጉድጓዳቸው ዳር፣ ስንት ዓመት ሲደፍኑበት የኖሩትን፣ እሳት ያቀላውን አፈር በእንቅብ ሞልተው ሰጧት። «የበሰለ ነው፤ አይሰነጠቅም» አሏት። እጃቸውን እስኪቆስል ታጥበው ነበር፤ የመዳፋቸው መስመር ግን እንደጠቆረ ነው። አህዮቹን ትተው፣ ከበቅሎዋ ጎን በእግራቸው እየሄዱ መሻገሪያውን ተሻገሩ።

ሰርገኛው ከጉብታው ሥር ሲደርስ መዲና በቅሎዋን አስቆመች። ሙሽራ በመንገድ መውረድ ነውር ነበር፤ ሚዜዎቹ ሊከለክሏት ሞከሩ። እሷ ግን ወረደች፣ እንቅቡን ተሸከመች፣ ነሐሴ ላይ ስንጥቅ ወደወጣበት ትከሻ ወጣች። ከሥር መንደሩ ሁሉ፣ ከሰዉም መካከል አባቷ ቆመው ነበር። ዶማው በተነሣበት ቀን በአደባባይ የተናገረችው ተገድዳ እንደነበር፣ አባቷም አጠገቧ እንዳልነበሩ አስባ ይሆናል ይላሉ።

«አባቴ አራጌ ከሰል አክሳይ ነው» አለች። «ይህ የጉድጓዱ አፈር ነው።»

ደፋችው። ይማም ሙሔ ያለ ማንም ጥሪ ወጡ፣ ተንበርክከው መዳፋቸውን በቀዩ አፈር ላይ አኖሩ፣ ከሥር ያለው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «በርዷል» አሉ። እልልታውን የጀመረችው እቴ ትሁን ናት። አባ አራጌ ያን ቀን በይማም ቤት ከመደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ከሥራቸው የተነጠፈውን ቁርበት ደጋግመው በእጃቸው ይዳብሱት ነበር ይባላል።

በሚቀጥለው ዓመት ያገባች ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ ነበረች፣ እንደ መዲና አደረገች። ከእሷ በኋላ የአንጥረኛ ልጅ። ከዚያ የባለጸጋ ልጅም ሳታደርግ ማለፍ አፈረች። መዲና አርጅታ እስክትሞት ድረስ ሠርግ በመጣ ቁጥር ከጉብታው ሥር ትቆም ነበር፤ ነገር ግን ስለ ልማዱ ስትጠየቅ ነጠላዋን ትጠቀልላለች።

ዛሬም እንዲሁ ነው። አባቴ ሾፌር ነው የምትል አለች፣ አባቴ ዘበኛ ነው የምትል አለች፣ አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ጨው ትቸረችራለች ያለችም ነበረች። የአባቷን ደጅ የማታውቅ የእናቷን ደጅ አፈር ታመጣለች። ሥራው ሲነገር መሳቅ ክልክል ነው፤ የሳቀ ሰው ከሰርገኛው ተለይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ባለፈው ጥር ከሩቅ ከተማ የመጣች አንዲት ሙሽራ እንቅቧን ይዛ ወጣች። ከዚያ፣ «አባቴ እስር ቤት ነው» አለች። «ሰው ገድሎ ነው።» አፈሩን ደፋች። የሙሽራው እናት ወጥታ ተንበረከከች፣ መዳፏን አኖረች፤ እንደ ልማዱ «በርዷል» ትላለች ተብሎ ሲጠበቅ ራሷን ነቀነቀች።

«ገና ነው» አለች።

ሙሽራዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እናትየዋ ግን ወደ ታች ወደ ልጇ ተጣርታ፣ «ከእኛ ደጅ አምጣ» አለችው። ሙሽራው በሠርግ ልብሱ ወደ መንደር ሮጠ፣ አንድ ማዳበሪያ አፈር ተሸክሞ ተመለሰ፣ በሙሽራዋ አፈር ላይ ደፋው። ያን ጊዜ እናትየዋ እንደገና ዳበሰች።

«አሁን በርዷል።»

ያ ቦታ ምሥራቃዊው ትከሻ ነው። የመዲና ቀይ አፈር ከሥር አለ፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ስንቱ አለበት። ሰርዶው እዚያም እንደ ሌላው ሁሉ ለምልሟል። በኅዳር ጠዋት ግን ጉብታው በሙሉ በጤዛ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ከዚያ ትከሻ ላይ ጤዛው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል። እረኞች ያውቁታል፤ ብርድ ሲበረታባቸው እዚያ ይቀመጣሉ። ሽማግሌዎቹም ያውቁታል፤ ከብት ሊያሰማሩ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩታል፣ ከዚያ በመንደሩ ለአቅመ ሔዋን የደረሱትን ልጆች በሐሳባቸው እየቆጠሩ ይሄዳሉ።